ባንዲራው የወፈረው ፈረሰኛ

ወሩ ኅዳር፣ ዘመኑ ፲፱፻፲፪ ዓመተ ምሕረት ነበር፤ የነቢዩ መውሊድ ሊውል ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ በካይሮ ከተማ በባብ አል-ባሕር ጎዳና የፈላ ስኳር እንፋሎት ከደጃፍ ደጃፍ ይዞር ነበር። በሌላ ዓመት ቢሆን ያ ሽታ ልጅ የሚያስቦርቅ፣ ሽማግሌ ፈገግ የሚያሰኝ ነው፤ በዚያ ዓመት ግን በጎዳናው ጫፍ፣ በባቡር ጣቢያው ዘንድ፣ የእንግሊዝ ወታደሮች መትረየሳቸውን ደግነው ከአሸዋ ከረጢት ጀርባ ተቀምጠው ነበርና፣ አላፊ አግዳሚው ድምፁን ዝቅ፣ እርምጃውን ፈጠን ያደርግ ነበር። ሕዝቡ በመጋቢት "ነፃነት!" ብሎ ከተነሣ ወዲህ ሀገሩ በጦር ሕግ ሥር ነው፤ ከሎንዶንም ነገሩን የሚያጣሩ መኳንንት ሊመጡ ነው ሲባል፣ ነጋዴው ሁሉ "ፊታቸውን አናይም፤ ሱቃችንን እንዘጋለን" ብሎ ተማምሎ ነበር።

በዚህ ጎዳና መካከል የሙዓለም ረድዋን የስኳር አሻንጉሊት መሥሪያ ነበረ። "ሙዓለም"፣ ማለትም የሙያ ጌታ፣ መባል በዚያ ሰፈር እንዲሁ የሚገኝ ማዕረግ አይደለም፤ እሳት ፊት ተጠብሶ ነው የሚገኘው። ለመውሊድ ሴት ልጅ ሙሽራ አሻንጉሊት፣ ወንድ ልጅ ባንዲራ የያዘ ፈረሰኛ ካልተገዛለት በዓሉ በዓል አይባልም፤ የሙዓለም ረድዋን ፈረሰኛ ደግሞ የተመሰከረለት ነበር። ሁለት ግማሽ ሆኖ የሚገጥመውን የእንጨት ፎርማ የጠረቡት የሙዓለሙ አባት ናቸው፤ እርሳቸው ካለፉ ወዲህ እንዲያ ያለ እጅ በጎዳናው አልታየም። ቤተ ሰቡ በዚያ ፎርማ ይበላል፣ በዚያው ይለብሳል።

አንዲት ልጃቸው ነበዊያ ያን ጊዜ አሥር ዓመቷ ነው። ደረቅ እንጨት ላይ የፈላ ስኳር ካፈሰሱበት እንደ ሙጫ ይይዛልና፣ የእርሷ ሥራ ፎርማዎቹን በውሃ ገንዳ ዘፍዝፎ ማሳደር ነበር። ይህች ልጅ ግን ነገርን አይቶ ማለፍ አይሆንላትም። አያቷ ፈረሱን ከጋማው እስከ ሰኮናው ተጠበውበት፣ ባንዲራውን ምን ታይቷቸው እንደሆነ እንጃ፣ ባዶ ትተውታል፤ ያ ባዶነት እንደ ዓይን ጉድፍ ይቆረቁራት ነበር። በመጋቢት ሰልፍ፣ ሼኽና ቄስ በአንድ ሠረገላ ተቀምጠው፣ ጨረቃ መስቀልን ያቀፈበት አረንጓዴ ባንዲራ በላያቸው ሲውለበለብ ከሰገነት ሆና አይታለች። እናም አንድ ቀን አባቷ ለቀትሩ፣ ለዙህር ሶላት ሲወጡ የአያቷን መሮ አንሥታ፣ ጨረቃውንም መስቀሉንም በፎርማው ባንዲራ ላይ ቀረጸችው፤ "አሁን ሞላ" ብላም ወደ ገንዳው መለሰችው። ክፋት አላሰበችም፤ ልጅ ናት።

በማግሥቱ ጠዋት ሙዓለም ረድዋን ፎርማውን በገመድ እያሰሩ፣ የፈላውን ስኳር እየሞሉ፣ ትርፉን እየገለበጡ አንድ መደርደሪያ ሙሉ ፈረሰኛ አወጡ። በዚያ ጭስና እንፋሎት መካከል ነጭ ስኳር ላይ የወጣን ነጭ ቅርጽ ማን ልብ ይላል? ልብ ያለችው የነበዊያ እናት ሲት ገሊላ ናት፤ ቀለማም ወረቀት ልታለብሰው አንዱን ወደ በሩ ብርሃን አወጣችና ክው ብላ ቀረች።

"ኧረ አንቱ! ምንድን ነው ይሄ?"

"ምኑ?"

"ባንዲራው ላይ ያለው ነዋ! የአላህ ያለህ! ሊያስፈጁን ነው እንዴ?"

ሙዓለሙ ተቀብለው አዩ፤ ፊታቸውም አመድ መሰለ። ባለፈው ሳምንት ከጎረቤታቸው ከአታሚው ከበስዩኒ ቤት ይኸው ምልክት ያለበት ወረቀት ተገኝቶ፣ ወታደሮች አንጠልጥለው ወስደውታል፤ ሚስቱ በየቀኑ ስንቅ ቋጥራ በጦር ሰፈሩ በር ትቆማለች፤ ስንቁን ይቀበሏታል፤ ባሏ ይኑር ይሙት የሚነግራት ግን የለም።

"ነበዊያ" አሉ ሙዓለሙ ቀስ ብለው፤ "አንቺ ነሽ?"

"ባዶ ነበር እኮ፣ አባባ።"

ልጅቱ ጥፊ ጠበቀች፤ ጥፊው አልመጣም። የአባቷ እጆች ግን መንቀጥቀጥ ጀመሩ። እነዚያ እጆች የፈላ ስኳር ሲረጭባቸው እንኳ ንቅንቅ ሲሉ አይታ አታውቅም፤ ያኔ ነው ነገሩ የገባት። አባቴን እንደ በስዩኒ ሊወስዱብኝ ነው አለች በልቧ፤ እኔው ነኝ ያስወሰድኩት። ጥፊ ቢሆን ምንኛ በተሻላት ነበር።

"ድስቱ ውስጥ!" አሉ ሙዓለሙ፤ "ሁሉንም ድስቱ ውስጥ ጨምሩት!"

እናትና ልጅ ፈረሰኛውን በእቅፍ እየሰበሰቡ ወደ ፈላው ስኳር ወረወሩ፤ ፈረስ ከነጌታው እየሰመጠ ቀለጠ። ሙዓለሙ ደግሞ ዓይናቸውን ጨፍነው የአባታቸውን ፎርማ እሳት ውስጥ ጨመሩት። አይ መከራ! ሌሊቱን ውሃ ሲጠጣ ያደረ እንጨት መቼ ይነድዳል? ጭሱ ብቻ ተነሥቶ ሱቁን ሞልቶ ወደ ጎዳናው ወጣ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል፤ በዚያችው ቅጽበት ከውጭ "ፍተሻ! ፍተሻ!" የሚል ድምፅ ተሰማ። ሙዓለሙ ፎርማውን በባዶ እጃቸው ከእሳት መንጭቀው ወደ ገንዳው ጣሉት።

አንድ የእንግሊዝ መቶ አለቃ ከሁለት ወታደሮች ጋር ገባ፤ መንገድ የሚመራቸው የሰፈሩ ፖሊስ አሥር አለቃ፣ ሻዊሽ አብዱልተዋብ ነበር። ይህ ሰው ሆዱ ቀድሞት የሚገባ፣ በየመውሊዱ "ልቅመስ" እያለ ከየሱቁ በነፃ የሚበላ ነው፤ ከእንግሊዞች ፊት ፊት መሄድ ከጀመረ ወዲህ ደግሞ ሰላምታውን የሚመልስለት አልነበረም።

"መቶ አለቃው፣ ጭሱ ምንድን ነው ይላሉ" አለ ሻዊሹ።

ሲት ገሊላ ባሏን ቀደመች፤ "ማገዶው እርጥብ ነው በልልን፣ ሻዊሽ። በዚህ ዘመን ደረቅ ማገዶ ወልደን እናምጣ?"

ወታደሮቹ የስኳር ከረጢቱን በሳንጃ ወጉ፤ የወረቀቱን ጥቅል በተኑ። መቶ አለቃው በበትሩ ገንዳውን አማሰለ፤ ፎርማዎቹ በሆዳቸው ተደፍተው ይንሳፈፋሉ፤ አንዱ ዘወር ሊል ብሎ ተመልሶ ተደፋ። ነበዊያ ያኔ ዓይኗን ከገንዳው ለማሸሽ ቀና ስትል፣ ከመደርደሪያው ጫፍ፣ ከተሸለሙት ሙሽሮች መካከል፣ አንድ የተረሳ ፈረሰኛ ቆሟል። እናቷም አየችው፤ አባቷም አዩት፤ ሦስቱም አንገታቸውን ደፉ። መቶ አለቃው ፈረስ ወዳጅ ሳይሆን አይቀርም፤ ያንኑ ፈረሰኛ በበትሩ ጠቁሞ አምጣልኝ አለ።

ሻዊሹ ተንጠራርቶ አወረደው፤ ባንዲራውንም አየ። ቀጥሎ ሙዓለሙን አየ፤ የልጅቱንም ቀጫጭን ጣቶች አየ። ሰውየው ግን ባንዲራውን ወደ አፉ ሰድዶ ቀርጠፍ! አደረገው፤ የፈረሰኛውን ክንድ ደገመ፤ ራሱንም ሠለሰ።

"ወይ ሙዓለም! ዘንድሮስ ሎሚ አብዝተውበታል!" አለ አፉን ሞልቶ።

መቶ አለቃው የሻዊሹን ሆድ በበትሩ መታ መታ አድርጎ እየሳቀ ወጣ፤ ወታደሮቹም ተከተሉት። ሻዊሹ ሌላ የሚቀመስ እንደሚፈልግ ሁሉ ከደጃፉ ተመለሰ፤ ድምፁንም ዝቅ አድርጎ፣ "ጨረቃዋ ወደ ኋላ ዞራለች" አለ፤ "ፎርማ ግራን ቀኝ አድርጎ እንደሚያወጣ ያላወቀ የልጅ እጅ ነው። ከዓስር ሶላት በኋላ ማተሚያ ፍለጋ ተመልሰው እንጨት እንጨቱን ያያሉ፤ አደራ። ሁሉን የምበላበት ጥርስ የለኝም።"

በሩ ተዘጋ። እንጨቱ አይነድድ፤ ወደ ጎዳና ይዞ መውጣትም አይታሰብ፤ የቀረው ምልክቱን ማጥፋት ብቻ ነው። የተጠረበ እንጨት ደግሞ አይሞላም፤ የባንዲራውን ገጽ በሙሉ እስከ ጨረቃው ጥልቀት ድረስ ዝቅ አድርጎ መጥረብ ይጠይቃል፤ ፎርማ ሲጠልቅ ደግሞ የሚወጣው ስኳር ይወፍራል። ሙዓለም ረድዋን መሮውን አነሡ፤ እጃቸው ተንቀጠቀጠና መሮው ዘልሎ የፈረሱን አንገት ቧጨረ። በሌላው እጃቸው ደግፈው ደገሙት፤ እንደገና ሳተ። ያኔ እንባቸው መጣ።

"እጄ እምቢ አለኝ" አሉ፤ መሮውንም ወደ ልጃቸው ዘረጉት። "ያስገባሽው አንቺ ነሽ፤ አንቺው አውጪው።"

"እፈራለሁ፣ አባባ።"

"እኔም እፈራለሁ፣ ልጄ።"

አባት ይህን ሲል የሰማ ልጅ ወዲያው ያረጃል። ነበዊያ ፎርማውን በጉልበቷ መካከል ይዛ ጠረበች፤ እናቷ በበሩ ስንጥቅ እያየች ጫማ በቀረበ ቁጥር ትስላለች፤ ሳሏ ሲሰማ መሮው ይቆማል፤ ሲርቅ ይቀጥላል። ላቧ ከቅንድቧ እየተንጠባጠበ፣ እጇ ግን አልሳተም። የዓስር አዛን ከተባለ በኋላ እውነትም መጡ፤ ፎርማዎቹን አንድ በአንድ እያገላበጡ አዩ፤ ምንም አላገኙምና ሄዱ። በዚያ ምሽት ከሦስቱ አንዱም እህል አልቀመሰ፤ ሙዓለሙም ከዚያ ቀን ወዲህ መሮ አልያዙም፤ መሮው የነበዊያ ሆነ።

ዘመን አለፈ። የግብፅ ሱልጣንም የእንግሊዝ ወታደርም ሄደ። ሲት ነበዊያ አድጋ የራሷን የአሻንጉሊት ትርኢት ቡድን አቋቋመች፤ ጠራቢው፣ ሰፊው፣ ዘፋኙ ሁሉ በእርሷ ቃል ያድር ነበር። ተማሪ ሲፈራ አይታ አልተቆጣችም፤ "መፍራትህን አውቃለሁ፤ መሮውን ግን አታስቀምጥ" ትለው ነበር ይላሉ የሚያውቋት።

ታሪክ የዚያን ዓመት ሰልፍ ጽፏል፤ የተዘጋውን ሱቅ፣ የፓሻዎቹን ንግግር ጽፏል፤ መጻፉም ተገቢ ነው። አታሚው በስዩኒ ሳይመለስ ቀረ፤ ሚስቱ ስንቅ ይዛ የቆመችበትን በር የጻፈ የለም። የሻዊሽ አብዱልተዋብ ስም የሆነ ቦታ ተጽፎ ቢገኝም፣ ለእንግሊዝ መንገድ ከመሩት ተራ ነው የሚገኘው። ባብ አል-ባሕር ግን መውሊድ በመጣ ቁጥር ያን ፈረሰኛ ይሸጣል፤ አንገቱ ላይ ጭረት አለ፤ ባንዲራውም ያለ ቅጥ ወፍራም ነው። ገዢው "የረድዋን ቤት ለጋስ ነው፤ ለስኳር አይሰስትም" ይላል። ልጆቹም ስኳር የበዛበትን መቼ ያጡታል፤ ቀድመው የሚነክሱት ባንዲራውን ነው።