የአባ ናውጥ ቋጠሮ

«ነፋስ ሳይነፍስ ማዕበል ሲነሣ፣ ያን ጊዜ ኡርጋል ነቅቷል» ይላል የሰርዶን መንግሥት የጥንት ትንቢት።

አዝሜራ ቀትር ላይ ምልክቱን አየች። ወፎች ውኃው ላይ ተኮልኩለው ዝም ብለዋል። ሸራው ሳይነቃነቅ ተንጠልጥሏል፤ ጀልባዋ ግን ከምዕራብ በሚመጣ ረጅም ማዕበል ትነሣለች፣ ትወርዳለች። በአንዱና በሚቀጥለው ማዕበል መካከል ያለውን ጊዜ ቆጠረች፤ መጀመሪያ አሥራ ሁለት፣ ቀጥሎ ዘጠኝ።

«ነቅቷል፣ አባ።»

ሽማግሌው የጀልባ አዛዥ አባ ናውጥ ከመሪው ቀና አሉ። «የተኛበትን ፍም ከሥሩ ወስደንበት ሊስመን ኖሯል?»

የነፋስ ዘንዶው ኡርጋል የሰርዶንን ፍም ከሰረቀ ወዲህ በምድሪቱ ለሰባት ዓመት እሳት አልነደደም። ሕፃናት በብርድ አለቁ። አዝሜራና አባ ናውጥ ፍሙን ለማስመለስ ከሌሎች ሦስት ባሕረኞች ጋር ወጡ፤ ሦስቱ ከትርፍ ገመዳቸው ጋር በዘንዶው ዋሻ ቀሩ።

ትልቁን ሸራ አውርደው ጠቀለሉት። የጀልባዋን መዝጊያ በሰም አተሙ፤ የፍሙን ገንቦ ምሰሶው ሥር ጠፍረው አሰሩ። በመጨረሻ አንዱ የሌላውን ወገብ ከጀልባዋ ጋር አሰረ። በሰርዶን ባሕረኞች ሕግ ማንም የራሱን ገመድ አያስርም፤ የሚፈታውም ያሰረው ብቻ ነው።

«ቀስ በይ እንጂ! ለሞት ነው ወይስ ለሰርግ የምታስሪኝ?» አሉ አባ ናውጥ።

ሰማዩ ጠቆረ። የዘንዶው እስትንፋስ ጀልባዋን ጎኗን ለማዕበል ሰጥቶ አዞራት። አፍንጫዋን ወደ ማዕበሉ ስቦ እንዲያቀናት የተጠቀለለውን ሸራ በገመድ አስረው ከፊት ወደ ባሕር ጣሉት። ገመዱ አጠረ። ሸራው እዚያው አጠገባቸው ተንሳፈፈ እንጂ ጀልባዋን አልያዘም።

«የወገቤን ገመድ ፍቺና ቀጥይበት» አሉ አባ ናውጥ።

«የእኔን ይፍቱ!»

«ያሰርኩት እኔ ነኝ፤ አልፈታም። የአንቺ እጅ ያሰረውን ፍቺ፣ ልጄ። መሪውን ልለቅ አልችልም።»

አዝሜራ ፈታች። ቋጠሮው ርሶ ጠብቆ ስለነበር በጥርሷ ጭምር ታገለችው። ገመዱን ቀጥላ ወረወረችው፤ ሸራው ርቆ ሄደ፣ ገመዱ ተወጠረ፣ ጀልባዋም ፊቷን ወደ ማዕበሉ አዞረች። አንደኛውን ማዕበል ተሻገሩ። ሁለተኛውንም። ከሦስተኛው በኋላ መሪው ላይ ማንም አልነበረም።

በሦስተኛው ቀን ሰርዶን ደረሰች። ፍሙ ከቤት ወደ ቤት ሲሻገር፣ ጭሱ ከየጣራው ሲወጣ ሕዝቡ እያለቀሰ እልል አለ። አንዲት ሴት አዝሜራ ከጀልባዋ ስትወርድ የቆረጠችውን፣ ከወገቧ የሚጎተተውን ቁራጭ ገመድ አይታ ልትፈታላት ጎንበስ አለች።

አዝሜራ እጇን ያዘቻት። «ተዪው» አለች። «ያሰረው ሰው አልመጣም።»