መቶ ሰማንያ ግራም

ሸክላ ሠሪዋ ስትገኝ ታጣፊ አልጋዋ ላይ በጎኗ ተኝታ፣ አንድ እጇን ጉንጯ ሥር አድርጋ ነበር። ብርድ ልብሱ እስከ ትከሻዋ ተስቧል። ላያት ሰው ጥቂት ልረፍ ብላ የተጋደመች ትመስላለች። ከአልጋው አምስት እርምጃ ርቆ የሸክላ ማቃጠያው ምድጃ ግድግዳውን ተጠግቶ ቆሟል፤ ገና አልቀዘቀዘም።

«አደጋ ነው» አለ ሳጅኑ። «ምድጃው በጋዝ ነው የሚሠራው። መስኮቱ ዝግ ነው፤ የአየር ማውጫው ማራገቢያም ሶኬቱ ተነቅሏል። የተቃጠለው ጋዝ ሽታ የለውም። እንቅልፍ ላይ እንዳለች ወሰዳት።»

መርማሪዋ ወደ ምድጃው ተጠጋች። የሥራ ባልደረቦቿ «እትዬ ቀስታ» ይሏታል፤ በሠላሳ ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ስትቸኩል አላዩዋትም። ጓንቷን አጥልቃ የምድጃውን በር ከፈተች። ውስጡ ስብርባሪ እንጂ አንድም ደህና ስኒ አልነበረም። ዘወር ብላ መደርደሪያውን አየች። ከዚያው ዙር የተረፉ ስኒዎች በላስቲክ ተሸፍነው ተደርድረዋል። ላስቲኩን ገልጣ አንዱን ስኒ በጣቷ ጫን ስታደርገው ጥፍሯ ሰመጠ።

«ስልኳስ?» አለች።

«የለም። ቤቱን ሁሉ በረበርን። ሲደወልለትም ዝግ ነው።»

ሬሳውን ያገኘችው ሚዜ ናት። ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት ሟቿ ስታገባ ሚዜዋ ሆነችና ስሙ እዚያው ቀረባት፤ ባልየው እንኳ በሌላ ስም ጠርቷት አያውቅም። ላለፉት ስምንት ዓመታት ሁለቱ ሴቶች ስኒና ሳህን ኢንተርኔት ላይ ባለ አንድ ገበያ ሲሸጡ ኖረዋል። አንዷ ትሠራለች፣ ሌላዋ ታሽጋለች።

መርማሪዋ ማሸጊያው ጠረጴዛ ፊት ለፊት አስቀመጠቻት። «እስቲ እንዴት እንደምታሽጊ አሳዪኝ፣ እህቴ።»

ሚዜ አንድ ስኒ ጠቅልላ ካርቶን ውስጥ አስገባች። ስኮቹን ለጥፋ ስትጨርስ ጫፉን ወደ ውስጥ አጠፍ አደረገችው።

«ይሄ ለምንድን ነው?»

«ተቀባዩ ሲከፍት ጥፍሩን እንዳይልጥ ነው። ሳላጥፈው የቀረሁበት ቀን የለም።»

«ጥግ ላይ ያለው የእርሳስ ቁጥርስ?»

«ክብደቱ ነው። እታለም ናት የምትጽፈው፤ እኛ እታለም ነው የምንላት። ዕቃውን ሁሉ ራሷ ትመዝናለች። ከሁለት ኪሎ አንዲት ግራም ካለፈ የፖስታው ዋጋ እጥፍ ነው። ስንቴ የካርቶኑን ጠርዝ በመቀስ ከርክመናል መሰለዎት።» ፈገግ ልትል ፈለገችና ዓይኗ እንባ ሞላ። «ለገበያውና ለፖስታ ቤቱ ነው ስንሠራ የኖርነው። ገበያው ከሸጥነው ላይ ኮሚሽኑን ይቆርጣል። ገዢው ‹ተሰብሮ ደረሰኝ› ብሎ ፎቶ ከላከ ደግሞ ገንዘቡ ይመለስለታል፤ የእኛ ዕቃ ሄደ፣ የፖስታው ሄደ፣ ኮሚሽኑም አይመለስም። ካለፈው ዓመት ወዲህ ስብራቱ በዛብን። ገዢዎች የሚሰጡን ኮከብ ወረደ።»

«ከዚያስ?»

«በእኔ ተሳበበ። ‹እጅሽ ልል ሆኗል› አለችኝ። ሁለት ወር ያህል ከሥራ ሌላ ቃል አልተለዋወጥንም። ከሦስት ቀን በፊት ግን ቤቴ ድረስ መጥታ እግሬ ላይ ልትወድቅ ስትል ያዝኳት። ‹ጥፋቱ ያንቺ አልነበረም፣ ይቅር በይኝ› አለችኝ። ታዲያ የማን ነው ስላት አለቀሰች እንጂ አልነገረችኝም። ከዚያን ቀን ጀምሮ እዚህ ምድጃው ክፍል ነው የምታድረው። ትናንት ማታ የዛሬዎቹን ዕቃዎች አሽገን፣ መዝና፣ ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ደርድረን ተለያየን። ዛሬ አራት ሰዓት ላይ ስመጣ...» አልጨረሰችውም።

ባልየው የሒሳብ መምህር ነው። ሳሎን ውስጥ ከረባቱን ሳይፈታ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል።

«አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ወጣሁ» አለ። «የፈተና ሳምንት ነው። ሞተረኛው ዕቃዎቹን የሚወስደው ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ቁልፉን አበባው ሥር ነው የምናስቀምጠው፤ እሱም፣ ሚዜም፣ ሸክላ ያስተማረችው የቀድሞ ተማሪዋም ያውቁታል።»

«ለምንድን ነው ምድጃው ክፍል ታድር የነበረው?»

«ሥራ ሲበዛባት እንደዚያ ታደርጋለች።»

«ስለ ስብራቱ ምን ያስባሉ?»

መምህሩ በረጅሙ ተነፈሰ። «ይሄ ገበያ ሰው አደረጋት ይላሉ፤ እኔ ግን ከሰው ሲያወጣት ነው ያየሁት። ተዪው፣ ደሞዜ ይበቃናል ብዬ ስንት ጊዜ ለመንኳት። ሚዜ በግዴለሽነት ታሽጋለች። ተማሪዋ ደግሞ እዚያው ገበያ ላይ የራሱን ሱቅ ከፍቶ ይቀናባታል፤ በሐሰት ስም እየገዛ ‹ተሰበረ› የሚለው እሱ ነው ብዬ ነግሬአታለሁ። በእያንዳንዱ ስብራት ታለቅስ ነበር። እንባዋን የምጠርግላት እኔ ነበርኩ።»

መርማሪዋ የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር እንዳለች ማስታወሻዋ ላይ ጻፈቻት። ለምን እንደጻፈቻት ገና አላወቀችም።

የቀድሞው ተማሪ ወሬውን ሰምቶ የሥራ ልብሱን ሳይቀይር መጥቶ ነበር። እጅጌው ላይ ጭቃ ደርቋል። «ይህን ሙያ ያስተማረችኝ እሷ ናት» አለ። «መንገድ ላይ ስታየኝ ፊቷን ማዞር ጀመረች። ስሜን ያጠፋው ማን እንደሆነ አላውቅም። ግን የስብራቶቹን ፎቶ ገበያው ላይ፣ የገዢዎች አስተያየት ሥር አየኋቸው። እሳት የሚያቀልጠው የስኒው ቅብ የተሰበረው ጠርዛቸው ላይ ፈስሶ ድቡልቡል አድርጎታል። መንገድ ላይ የተሰበረ ስኒ ጠርዙ ስለት ነው። እነዚያ እሳት ውስጥ ሳሉ የተሰነጠቁ ናቸው።»

«እንደዚያ የተሰነጠቀውን ምን ታደርጉታላችሁ?»

«እሷ ጓሮ ያለው በርሜል ውስጥ ነው የምትጥለው። ከአራት ቀን በፊት ይህንኑ ጽፌ በበሯ ሥር አስገባሁላት። መልስ አልሰጠችኝም።»

በዚህ መሃል ሞተረኛው ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ገባ። «እናቴ፣ ሬሳ ባለበት ቤት የሚወራ አይደለም፤ ግን ነገሩ ከነከነኝ። ዛሬ ጠዋት ከወሰድኩት አንዱ ዕቃ ከሁለት ኪሎ አለፈ ብለው ልዩነቱን ከኪሴ አስከፈሉኝ። እታለም ሚዛን ላይ ተሳስታ አታውቅም።»

መርማሪዋ የፖስታ ቤቱን ደረሰኝ ተቀብላ አየችው። ሁለት ሺህ አንድ መቶ አርባ ግራም ይላል።

«ካርቶኑ ላይ በእርሳስ የተጻፈውስ ስንት ነበር?»

«አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ስልሳ። ለዚያ ነው የተከራከርኳቸው።»

«ዕቃው አሁን የት ነው፣ ልጄ?»

«እዚያው ፖስታ ቤት። ከሰዓት ነው የሚወጣው።»

እትዬ ቀስታ ብድግ አለች። ሳጅኑ እስከ መኪናው ድረስ ሊደርስባት አልቻለም።

በማግስቱ ጠዋት አራቱንም ምድጃው ክፍል ሰበሰበቻቸው። መስኮቱ ተከፍቷል። ጠረጴዛው ላይ አንድ ካርቶን ተቀምጧል።

«ከምድጃው ልጀምር» አለች። «ውስጡ የገቡት ስኒዎች ገና እርጥብ ነበሩ፤ ለዚህ ነው የፈነዱት። የእጅ ሥራዋን የምታውቅ ሴት እርጥብ ሸክላ እሳት ውስጥ አታስገባም። ምድጃውን የለኮሰው ሌላ ሰው ነው፤ ሥራ ላይ የነበረች እንዲያስመስል ቅርብ ያገኘውን ስኒ ደረደረበት። አንተ» አለች ወደ ተማሪው ዞራ፣ «ይህን አትሳሳትም። ሚዜም ስምንት ዓመት ሙሉ ምድጃው ሲሞላ ስታይ ኖራለች፤ አትሳሳትም።»

ካርቶኑን ወደ ፊት ሳበችው።

«ወደዚህ ካርቶን እንምጣ። ማታ ከተመዘነ በኋላ መቶ ሰማንያ ግራም ጨምሯል። ስንከፍተው ስልኳን አገኘን። የጨመረው ሞተረኛው ቢሆን ኖሮ ደረሰኙን ይዞ አይመጣም ነበር። ስኮቹን ተመልከቱ። ከሥር ያለው ጫፉ የታጠፈ፣ የሚዜ እጅ ነው። ከላይ የተደረበው ጫፉ አልታጠፈም።»

መምህሩ ከረባቱን ነካ ነካ አደረገ። «ቁልፉ አበባው ሥር ነው ብያለሁ። ማንም ሊገባ ይችላል።»

«ይችላል። ግን ጠረጴዛው ላይ አምስት ዕቃ ነበር። ማንም ሰው ከአምስቱ ይህንኑ ለምን ይመርጣል? አድራሻው የፖስታ ሳጥን ነው። ተቀባዩ ዓመቱን ሙሉ ‹ተሰብሮ ደረሰኝ› ሲሉ ከነበሩት ስሞች አንዱ ነው። ሳጥኑን የተከራየው ሰው ግን መታወቂያ ማሳየት ነበረበት፤ ያሳየውም የእርስዎን ነው። ፈተና አዳራሽ ስትገቡ መምህራንም ትፈተሻላችሁ፤ ስልኩን ይዘው መግባት አይችሉም። ቤት ቢተዉት እናገኘዋለን። ስለዚህ በሁለት ቀን ተመልሶ እጅዎ ወደሚገባበት ላኩት። ፖስታ ቤቱ እንደገና እንደሚመዝነው ረሱ።»

ሚዜ ቀስ ብላ ወደ መምህሩ ዞረች።

«ትናንት ማታ ትምህርት ቤት ያለውን ቁም ሳጥንዎን ከፈትን» ቀጠለች መርማሪዋ። «ሠላሳ አንድ ደህና ስኒዎች፣ ከነመጠቅለያቸው። አንዱንም አልሸጡም፤ በአንዱም አልጠጡበትም። ለፎቶው ግን ከበርሜሉ ስብርባሪ እያነሱ ተጠቀሙ። ተማሪዋ የጻፈላትን ስታነብ ስብርባሪው ከጓሮዋ እንደወጣ ገባት። ፎቶዎቹን ስልኳ ላይ አጉልታ ስትመለከት ደግሞ አንዱ ጥግ ላይ በቀይ እስክሪብቶ የታረመ ወረቀት ጫፍ አገኘች። የእርስዎን እርማት ሃያ ሁለት ዓመት ስታየው ኖራለች።»

«አንተ ነህ?» አለች ሚዜ። ድምፅዋ አልወጣም ማለት ይቻላል። «እጄ ልል ነው ያልካት አንተ ነህ?»

መምህሩ ከረባቱን ፈታ። «ክፉ አላሰብኩም» አለ። «ገበያው ሲያንገላታት ትተወዋለች ብዬ ነው። ቤቷ ገብታ እንድታርፍልኝ ነበር የፈለግኩት። ስታውቅ ግን አየችኝ... እንደዚያ ዓይታኝ አታውቅም። ለገበያው እነግራለሁ አለች። ትምህርት ቤት ቢሰማስ? ተማሪዎቼ ቢሰሙስ?»

መርማሪዋ ሕይወቷን ሙሉ ገዳዮችን አነጋግራለች። አቁስሎ እንባ የሚጠርግ ግን ስታይ ይህ የመጀመሪያዋ ነበር። ትናንት «እንባዋን የምጠርግላት እኔ ነበርኩ» የሚለውን ለምን እንደጻፈች አሁን ገባት።

ስልኩን ከፍታ ፊቱ ያዘችለት። «ለገበያው የጀመረችው አቤቱታ ይኸውና። ሠላሳ አንዱንም በዝርዝር ጽፋለች። ‹አታላዩን የሚያውቁት ከሆነ ይግለጹ› ከሚለው ሥር ግን ባዶ ነው። ሦስት ቀን ከፍታዋለች፣ ሦስት ቀን ሳትሞላው ዘግታዋለች።»

መምህሩ አነበበው። ደግሞ አነበበው። «ልትልከው ነበር?»

«አላውቅም» አለች መርማሪዋ። «እርስዎም ሳያውቁ ነው የገደሏት።»

ሳጅኑ መምህሩን ይዞ ሲወጣ ማንም ቀና ብሎ አላየውም። ሞተረኛው ተከትሎ ወጣ። ተማሪውና ሚዜ ግን ማሸጊያው ጠረጴዛ ጋ ቀሩ። ገንዘብ ከፍለው ዕቃቸውን የሚጠብቁ አሥራ አራት ገዢዎች ነበሩና የገበያውን ገጽ ከፈቱ። ሚዜ ለመጀመሪያዋ ገዢ ልትጽፍ ጀመረችና ቃሉ ጠፋባት።

«‹ሠሪዋ አርፋለች› በያት» አለ ተማሪው በቀስታ።

ሚዜ ጣቷን ከፊደሎቹ ላይ አነሳች።

«አላረፈችም» አለች። «ተገድላለች።»

እንደዚያው ጻፈችውና ላከችው።