በቅሎዋ የምትቆምበት ቦታ

ዜማው አሁንም እዚያው ቦታ ሲደርስ ተሰናክሎ ወደቀ። ዳልተን ጊታሩን በመዳፉ ዝም አሰኘና ቀና ብሎ ጣሪያውን ተመለከተ። ጣሪያው ላይ ከተንጠለጠሉ አሮጌ ጎማዎች በቀር የሚታይ ነገር አልነበረም፤ የሚለማመዱት በአባቱ ጎሚስታ ቤት ውስጥ ነው።

«እኔ ነኝ?» አሉ ፓፓው ሆባርት፣ ቫዮሊናቸውን ከአገጫቸው ሥር ሳያነሱ።

ባንጆ የምትጫወተው ሬቫ ማስቲካዋን ወደ ሌላኛው ጉንጯ አዛወረች። የልጅ ልጃቸው ጆሲ ማንዶሊኗን እንዳቀፈች ጫማዋን ታያለች።

ፓፓው፣ በዚያ አገር አያት ማለት ነው፣ የባንዱ አባል አልነበሩም። የባንዱ ቫዮሊን ተጫዋች ትራምፖሊን ከሚሉት መዝለያ ላይ ወድቆ እጁን ስለሰበረ፣ ለነሐሴው የአውራጃ ውድድር ሊተኩት የመጡ ናቸው። ዳልተን ደግሞ ለውድድሩ የመረጠው የእሳቸውን ዜማ ነው፤ «የኢላይሁ በቅሎ»ን።

ኢላይሁ የፓፓው አያት ነበር። በቆሎ ጭኖ ወፍጮ ቤት ሲሄድ በቅሎዋ ወንዙ መሃል ስትደርስ ቀጥ ትላለች። ብትመታም፣ ብትለመንም ያው ነው። ለራሷ ደስ ሲላት ትሻገራለች። ሰውየው እላይዋ ላይ ተቀምጦ የሚሠራው ቢያጣ ዜማ ሠራላት። ስለዚህ ዜማው ሁለተኛው ክፍል ላይ፣ ወንዙ መሃል፣ አንድ ትርፍ ምት አለው። ቫዮሊኑ አንዲት ድምፅ ይዞ ይቆያል፤ ሌላው ይጠብቃል። «እዚያ ጋ በቅሎዋ ታስባለች» ይላሉ ፓፓው። በዚህ የኬንታኪ ሸለቆ ሕፃን እንኳ ያውቀዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ አዳራሹ ውስጥ የሚጨፍረው ሰው እዚያ ቦታ ሲደርስ አንድ እግሩን አየር ላይ አንጠልጥሎ በቅሎዋን ይጠብቃል።

ዳልተን ግን በበጋው ከተማ ሄዶ የሙዚቃ ካምፕ ገብቶ ነበር። ከዚያም አዲስ ባርኔጣና «ቴምፖ» የምትል፣ የምትን ፍጥነት የምትገልጽ ቃል ይዞ ተመለሰ፤ ሁለቱንም ቤት ውስጥ እንኳ አያወልቃቸውም። ወንዙ መሃልም በቅሎዋን መጠበቅ ትቷል።

ለስላሳ ሊያመጡ በሚል ጆሲን ወደ ጓሮ ይዟት ወጣ።

«ስሚ ጆስ፣ ዳኞቹ ከሩቅ ነው የሚመጡት። የተዘጋ ተጎታች ውስጥ ሆነው ድምፅ ብቻ ነው የሚሰሙት። በቅሎ ምናምን አያውቁም። ተሳሳቱ ብለው ነጥብ ነው የሚቆርጡብን።»

«እና ለፓፓው እንንገራቸዋ።»

«ዕድሜ ልካቸውን የተጫወቱትን? ቅር ይላቸዋል። አንቺ ብቻ ሳትቆሚ ቀጥ ብለሽ ምቺ፣ ሳይታወቃቸው ይከተሉሻል። ሁላችንም የምንከተለው ያንቺን እጅ አይደል?» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ካሸነፍን ዓመቱን ሙሉ ከኛ ጋር ነሽ። ካልሆነ ያ የማዶው ሰፈር ልጅ ማንዶሊኑን ወልውሎ እየጠበቀ ነው።»

ስለ እጇ የተናገረው እውነቱን ነበር። በዚህ ሙዚቃ ከበሮ የለም፤ ከበሮው ማንዶሊኗ ናት። ፓፓው ሲያስተምሯት አንድ ሙሉ የበረዶ ወራት ዜማ የሚባል ነገር አላስነኳትም። ክሮቹን በግራ እጇ ጨበጥ ለቀቅ እያደረገች፣ በቀኟ አጭር ደረቅ ምት ብቻ፤ ጨክ፣ ጨክ። «መጀመሪያ የቤቱ ሰዓት ሁኚ» ነበር ያሏት። ውሻው ያን ጊዜ ብርዱን መርጦ በረንዳ ላይ ከረመ። በኋላ ብሉግራስ የሚባለውን የአገሩን ፈጣን ፈጣን አጨዋወት ከስልኳ ቪዲዮ ለቀመች። ከአያቷ መጠበቅን፣ ከስልኳ መሮጥን ተማረች ማለት ነው።

ተመልሰው ገቡ። ጀመሩ። ወንዙ መሃል ሲደርሱ ጆሲ ዓይኗን ጨፍና ሳትቆም መታች። የፓፓው ደጋን አየር ላይ እንደቀረ እግር ድምፁን ይዞ ብቻውን ቀረ፤ ከዚያ ተደናቅፎ እየሮጠ ደረሰባቸው።

ሲጨርሱ ፓፓው ሳቅ ብለው ግራ እጃቸውን አገላብጠው አዩት። «ይቅርታ ልጆች። ይሄ እጅ ሳያረጅ አልቀረም መሰለኝ።»

ዳልተን ለጆሲ ጠቀሳት። እሷ ያላየች መሰለች።

ከዚያ ቀን ወዲህ ፓፓው በረንዳው ላይ ያቺኑ ዜማ ብቻ ይጫወቱ ጀመር። ቀስ ብለው ይጀምራሉ፣ ወንዙ ጋ ሲደርሱ ያቆማሉ፣ በጫማቸው ወለሉን እየመቱ ይቆጥራሉ፣ እንደገና ይጀምራሉ። ጆሲ ኩሽና ሆና ሳህን እያጠበች ትሰማለች። አንድ ቀን ማምሻውን በመስኮቱ ጠሯት።

«ጆሲ፣ በቅሎዋ የት ጋ ነበር የምትቆመው?»

የሚቀልዱ መስሏት ቀና አለች። እየቀለዱ አልነበረም።

«እኔ እንጃ፣ ፓፓው» አለች። የታጠበውን ሳህን መልሳ አጠበችው።

«ግድ የለም። ሌላው ሰው ሲያረጅ መነጽሩ ይጠፋበታል። እኔ ደግሞ በቅሎ ጠፋችብኝ።»

በውድድሩ ቀን ሜዳው በመኪና ተሞልቶ ነበር። በየመኪናው ጀርባ ክብ ሠርቶ የሚጫወት አለ፤ የተጠበሰ ቦሎኛ ቋሊማ ሽታ ከባንጆ ድምፅ ጋር ይጋፋል። ፓፓው አዲሱን ቱታቸውን ለብሰው፣ ፀጉራቸውን በውኃ አስተኝተው መጡ። ቫዮሊናቸውን ሳያወጡ በፊት ዳልተንን ትከሻውን ነካ አደረጉት።

«አስተካክዬዋለሁ፣ አታስብ። አሁን ሳልቆም ቀጥ ብዬ ነው የምሻገረው።»

«አሪፍ» አለ ዳልተን፣ ግልግል ብሎት።

ፓፓው በከንፈራቸው ብቻ ፈገግ አሉ። ጆሲ ያንን ፈገግታ ታውቀዋለች፤ የታመመችውን ላማቸውን የሸጡ ቀን ያደረጉት ነው።

ተራቸው እስኪደርስ አንድ የዋልነት ዛፍ ሥር ክብ ሠርተው ቆሙ። ክብ ውስጥ ደንቡ ይታወቃል፤ የሚመራው ሰው በአገጩ ምልክት ይሰጥሃል፣ ትፈልግ እንደሆነ ዜማውን ትቀበላለህ፣ ካልፈለግህ ራስህን ነቅንቀህ ታሳልፋለህ። ፓፓው «የኢላይሁ በቅሎ»ን ጀምረው ለጆሲ ምልክት ሰጧት። ይህን ዜማ ስታሳልፍ ነው የኖረችው። አሁን ተቀበለችው።

እንደ በረንዳው ቀስ ብላ ጀመረች። ጣቶቿ መሮጥ ያማራቸው ነበር፤ ከለከለቻቸው። ወንዙ መሃል ስትደርስ መምቻዋን ከክሮቹ ላይ አንስታ ጠበቀች። ከዚያ ተሻገረች።

ፓፓው ደጋናቸውን አወረዱ። ያዩት ፊቷን ሳይሆን እጇን ነበር።

«ድገሚው።»

ደገመችው። ወንዙ ጋ፣ ሳምንቱን ሙሉ ሲቆጥር የሰነበተው የፓፓው ጫማ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ቆየ።

«አልጠፋችማ» አሉ ቀስ ብለው። «ሰው አስሯት ኖሯል።»

«እኔ ነኝ ፓፓው። እጅዎ ምንም አልሆነም።»

ዳልተን ባርኔጣውን አወለቀ። ራሱ እንደሌላው ሰው ራስ ነበር። መልሶ አደረገው።

ፓፓው የጆሲን አንገት በሻካራ እጃቸው ወዝወዝ አደረጉት፤ ልጅ ሳለች ስታጠፋም ስታለማም የሚያደርጉት ነው። «ባንዱ የእናንተ ነው» አሉ። «ቀጥ ያለውንም መንገድ አላጣውም። የምከተለው ያንቺን እጅ ነው።»

ተራቸው ተጠራ። መድረኩ ላይ ያለው ማይክ አንድ ብቻ ስለሆነ ሁሉም ተጠጋግተው ይከቡታል። የጆሲ ቦታ ሁልጊዜ ከዳልተን ጎን ነበር፤ ወለሉን የሚመታው ቡትስ ጫማው በደንብ የሚታይበት። ዳልተን ቦታውን ለቀቅ አደረገላት። እሷ በጀርባው አልፋ ሄዳ ከፓፓው ደጋን አጠገብ ቆመች።

ጀመሩ። የመጀመሪያው ክፍል እንደ ውኃ ሄደ። ሁለተኛው መጣ፣ በወፍጮ ቤቱ መንገድ ወረዱ፣ ወንዙ ውስጥ ገቡ። የጆሲ ቀኝ እጅ ተነሥቶ ከክሮቹ በላይ ቆመ። የፓፓው ደጋን አንዲቷን ድምፅ ይዞ ሳበ። ሬቫ ማስቲካ ማኘኳን አቆመች። ከመድረኩ ፊት ለፊት፣ ሣሩ ላይ፣ አንዲት ትንሽ ልጅ አንድ እግሯን አየር ላይ አንጠልጥላ ጠበቀች።

ዳልተን ጊታሩን ሳያቆም ብቻውን ተሻግሮ፣ ማዶ ላይ ቆሞ ጠበቃቸው።