ቢራቢሮ ያለባት ክኒን

ወላሂ ብዬ ነው የምጀምረው፣ ልጆቼ። ይህ የሆነው ባለፈው እሑድ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ካለችው ቤቴ ውስጥ ነው። ሰው የነገረኝ አይደለም።

ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ቆርቆሮው ይንጣጣል።

የልጅ ልጄ ሱምያ ከልደት ግብዣ ተመለሰች። ጫማዋን ሳታወልቅ ገብታ ፍራሹ ላይ ኩርምት አለች።

"እማ... በረደኝ።"

በዚያ ሙቀት በረደኝ አለች።

ትንቀጠቀጣለች። ግንባሯን ብነካው እጄን ፈጀኝ።

ወባ ነው አልሁ። እኛ የሐይቅ ዳር ሰዎች የተንቀጠቀጠ ሁሉ ወባ ይመስለናል። በሩን ዘጋሁ። ጋቢ ደረብሁላት። በላዩ ብርድ ልብስ... ደግሞ ሌላ ብርድ ልብስ።

ግን ወባ እንዲህ አያደርግም።

አፏ ባዶ ነው፤ ታኝካለች። ጥርሷ ሲፋጭ ጓዳ ድረስ ይሰማል።

ያን ሁሉ ለብሳ አንዲት ጠብታ ላብ የለባትም።

እንባዋ ይወርዳል... ፈገግታዋ ግን ንቅንቅ አይልም።

ዓይኗን ገለጥ አድርጌ አየሁ። ቡናማው የለም። ጥቁር ብቻ።

ከግብዣው ያመጣቻት ፈይዛ በሩን ተደግፋ ቆማለች። ልብስ ሻጭ ናት፤ ሠላሳ ያለፋት፣ ለሱምያ ታላቅ እህት ልትሆን የምትችል ሴት። ምን አቅምሰሻት ነው ብዬ ክንዷን ያዝኋት። ስትሸሽ ስትሸሽ ቆይታ ተናገረች። ክኒን ነው። ኤክስታሲ የሚሉት። የሰጠቻትም ራሷ ናት።

"አይደንግጡ እማማ ሐቢባ። ንጹሑ ነው፤ ቢራቢሮ የታተመበት።"

"ቢራቢሮው ምን ያደርግላታል?"

"ምልክቱ ነዋ። ባለፈው ሳምንት እኔም ውጬዋለሁ፤ ያው ቢራቢሮ ነው። እርስዎ ደግሞ ምን ያውቃሉ?"

ምን አውቃለሁ? ሠላሳ ዓመት ዓሣ ስገፍፍ ኖሬያለሁ። አምባዛ ቅርፊት ስለሌለው ክርስቲያኖቹ አይበሉትም። ቆዳው ከተገፈፈ በኋላ ግን ባለ ቅርፊቱ ቀረሶ ነው ብለው የሚሸጡላቸው ሞልተዋል። ስሙን የሚያወጣው ሻጩ ነው፤ ሥጋው ግን ያው አምባዛ ነው።

ይህንኑ ነገርኋት። ዓሣና ክኒን አንድ ሆነ ወይ ብላ ሳቀችብኝ።

ጆሮዋ ስር ተጠጋሁ።

"ልጄ አንድ ነገር ትሁንና... ቆዳሽን ነው የምገፍፈው።"

ሳቋን ዋጠች። ባጃጅ ጠራች።

ጤና ጣቢያ የተቀበለን ይትባረክ የሚባል ባለሙያ ነው። ሰላምታም አልሰጠኝ።

"ማነው እንዲህ ጀቡኖ ያመጣት?"

"እኔ ነኝ።"

"በዚህ ሙቀት ሊገድሏት ነበር እኮ። ቶሎ ያንሱት።"

ጋቢውንም ብርድ ልብሶቹንም ገፈፍሁላት። እኔው... በገዛ እጄ የደረብሁትን።

ፈይዛ እዚያም ቢራቢሮዋን አልተወችም። እሱ ቀና ብሎ እንኳ አላያትም።

"ቢራቢሮ ማንም ያትማል። ያንቺ ሌላ፣ የእሷ ሌላ ይሆናል። ውስጡ ምን እንዳለ አንቺም አታውቂ፣ የሸጠልሽም አያውቅ፣ እኔም አላውቅ።"

ውሃ አፈሰሱባት። ማራገቢያ አዞሩባት። ግሉኮስ ሰቀሉላት። መግሪብ ሳይደርስ ትኩሳቱ ወረደ። አልሐምዱሊላህ።

ሱምያ ተርፋለች። ትበላለች፤ ከእኔም ጋር ትጫወታለች።

ዓይኗ ግን አልተመለሰም። ዛሬም ጥቁር ነው።

ሰኞ ፊቷን ላጥባት ጓዳ አስቀመጥኋት። ጓዳችን መስኮት የለውም። ጎንበስ ብዬ ዓይኗን አየሁ...

ራሴን አላየሁም።

ሐይቁን ነው ያየሁ። መሀሉ ላይ አንዲት ታንኳ። የቆመ ሰው ወደ እኔ ይቀዝፋል።

በማግስቱ አየሁ። አለ።

ዛሬ አራተኛ ቀኑ ነው።

ቀርቧል... ዳር ደርሶ መቅዘፉንም አቁሟል።