ከላይ የሚታይ አምባዛ

ትግሉ ጎንበስ ማለት የሚጠላ ሰው ነበር። የከባድ መኪና ረዳት ሳለ በቂ አጎንብሷል፤ ጎማ ሥር ተጋድሟል፣ ሹፌሩ በፉጨት ሲጠራው ሮጧል፣ ግራሶ ከጥፍሩ ሳይለቅ ምሳውን በልቷል። መሪ የጨበጠ ዕለት «ከእንግዲህ ለማንም አላጎነብስም!» ብሎ ማለ።

ከሁሉ የባሰበት ግን የእንድሪያስ ቃል ነው። እንድሪያስ አዋሽ ሰባት ኪሎ ላይ፣ ከባቡር ጣቢያው ፈንጠር ብሎ፣ የጅቡቲ መንገድ ሹፌሮች የሚመገቡበት ሆቴል አለው። ትግሉ የእንድሪያስን እህት የፍሬን እጅ ሊጠይቅ ሽማግሌ ቢልክ፣ እንድሪያስ ሽማግሌዎቹን ቁጭ በሉ እንኳን ሳይል፣ ምሳ በሚበላው ሰው ሁሉ ፊት፣ «እህቴን ግራሶ ለለበሰ ረዳት አልድርም» ብሎ ከበር መለሳቸው። ስድብ ይረሳል ይላሉ። እንዲህ የሚለው ሰድቦ የሄደው እንጂ ተሰድቦ የቀረው አይደለም።

ትግሉና ፍሬ የተዋወቁት በዚያው ሆቴል ነው። ትግሉ እጁን ሊታጠብ ገብቶ፣ ባንኮኒው አጠገብ ያለ የዓሣ መስታወት ፊት ቆመ። ጣት የሚያህሉ ነጠብጣብ አምባዛዎች አሸዋውን በጢማቸው ይበረብራሉ።

«የአዋሽ ወንዝ አምባዛ ክንድ ያህላል። እነዚህን ምን አግኝቷቸው ነው?» አለ ለራሱ።

«ምንም አላገኛቸውም፤ ዘራቸው ነው» አለች ከኋላው አንዲት ልጅ። «አንተን ነው እንጂ ምን እንዳገኘህ እንጃ፤ ምግብህ ቀዘቀዘ።»

አልዞረም። መስታወቱ ላይ ፊቷ ይታየው ነበር።

ሽማግሌዎቹ ከተመለሱ በኋላ ፍሬ ከወንድሟ ተጣልታ ሰመራ ወረደች። ከዓሣዎቿ አንዲት እንስት ብቻ ይዛ፣ አንድ ሆቴል ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ሆና ገባች። ትግሉም ሹፌር ሆነ። ጭነት ይዞ ባለፈ ቁጥር ይቆምላታል፤ እሷም መኪናውን ከጥሩንባው ትለየዋለች።

አንድ ቀን ግን ፊቷ ጠቁሮ ጠበቀችው።

«ባለቤቱ ሥራዬን ለዘመዱ ሊሰጥብኝ ነው። ‹ዓሣሽን ካራባሽ ግን የጓሮው ክፍል ያንቺ ነው፤ ሰመራ ላይ የሚከፈተው ሆቴል ሁሉ የዓሣ መስታወት ይፈልጋል› አለኝ። ካልሆነ ወደ አዋሽ መመለሴ ነው። እንድሪያስ ደግሞ አንድ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ለባልነት አዘጋጅቶልኛል።»

«ለምን አሁኑኑ አንጋባም?»

«ማደሪያ አጥታ ወደሱ ገባች እንዲሉኝ ነው? ትግሉ፣ በእግሬ ቆሜ ነው የማገባህ። ወንዱን ከአዋሽ አምጣልኝ። እንድሪያስ በስንት ልመና አንድ ይውሰድ ብሏል።»

ከዚያም አስጠናችው። «በመስታወቱ በኩል ካየሃቸው ሁሉም አንድ ናቸው። ክዳኑን አንሥተህ ከላይ እያቸው። እንስቷ ወገቧ ጎንና ጎን ሰፋ ያለ ነው፤ ወንዱ እንደ እርሳስ ቀጥ ያለ ቀጭን ነው።»

«ጢሙስ?»

«ጢም ሴቷም አላት። በጢም እንዳትሸወድ!»

ትግሉ አዋሽ ሲደርስ ሆቴሉ በሹፌር ሞልቷል። የዓሣው መስታወት ፍሬ ከሄደች ወዲህ ባንኮኒው ሥር ወርዶ፣ ከእንድሪያስ ወንበር አጠገብ ሲሚንቶው ላይ ተቀምጧል። ባንኮኒው ስለከለለው፣ ከላይ ለማየት እንድሪያስ ጫማ ሥር መንበርከክ ያስፈልጋል።

«መጣህ አንተ ረዳት?» አለ እንድሪያስ። «አንድ ብቻ! መርጠህ ውሰድ፤ ወንድና ሴት ከለየህ መቼስ።»

«ሹፌር ነኝ።»

«እሺ ሹፌር። ጢሙን አይተህ ለያ!»

ሹፌሮቹ ሳቁ። የትግሉ ጆሮ ጋለ። ጉልበቱ ሊታጠፍ ሲል ያ የድሮው የእንድሪያስ ቃል እንደ ብረት ጀርባውን ገተረው። እንደቆመ እጁን ሰደደና ትልቁን፣ ጢሙ የረዘመውን አምባዛ በመረብ አወጣ።

ዓሣውን በባልዲ አድርጎ፣ ባልዲውን በረጠበ ጆንያ ጠቅልሎ፣ ፈቃድ በወጣው ረዳቱ ቦታ አስቀመጠው። ራሱ ስንት ዓመት የተቀመጠበት ወንበር ነው። አዋሽ አርባን እንዳለፈ ሙቀቱ ጀመረ። ገዋኔ ላይ ጆንያውን እንደገና አረጠበ። አምባዛው ብቅ ብሎ አየር ይጎርስና ይመለሳል፤ ብቅ ማለቱን ሲያዘገይ የትግሉም ትንፋሽ አብሮ ይቆማል። «አይዞህ ወንድሜ፣ ሚሌ ደረስን» ይለዋል። ለሰው እንዲህ አባብሎ አያውቅም።

ሰመራ ሲደርስ ፍሬ ባልዲውን ተቀብላ ከላይ አየችው። ባልዲውን ዞር አድርጋ ደግማ አየችው።

«ሴት ናት» አለች በመጨረሻ።

«እንዴት ሆኖ?»

«ጎንበስ ብለህ አይተሃታል?»

መልስ ያጣ ሰው ይጮኻል። «እንድሪያስ እግር ሥር ልንበርከክልሽ? በይ ተናገሪ! ግራሶ የለበሰ ረዳት ዓሣም አይለይም በይ፤ እንደ ወንድምሽ!»

«ይህን ከእኔ አፍ ሰምተህ ታውቃለህ?»

አልሰማም። ግን የቆሰለ ሰው ዝምታንም ስድብ አድርጎ ይሰማል።

«ወንድሜ ሰደበህ» አለች። «አንተ ግን ከስድቡ ጋር ተጋብተህ ትኖራለህ። እኔ የት ልግባ?»

በሩን አላትሞ ወጣ። ጅቡቲ ወርዶ እስኪመለስ አንድም ስልክ አልደወለም፤ እሷም አልደወለችም። ሲመለስ ሰመራን ሳይቆም አለፈ፤ ጥሩንባም አላሰማም። «እኔ የት ልግባ?» የሚለው ቃል ግን ባልዲው በነበረበት ወንበር ላይ ተቀምጦ አዋሽ ድረስ አብሮት ሄደ።

አዋሽ ላይ መኪናውን አቁሞ ሆቴሉ ገባ። ሰው ምሳ ላይ ነው። ማንንም ሳያይ ቀጥ ብሎ ሄዶ፣ ከእንድሪያስ ወንበር ሥር ሲሚንቶው ላይ ተንበረከከ። ክዳኑን አነሣ።

«ምን ወደቀብህ?» አለ እንድሪያስ።

«ምንም። ወንዱን እየፈለግኩ ነው።»

ሳቁ ተነሣ። ትግሉ ግን እያየ ነበር። ከጎን ሁሉም አንድ የነበሩት ከላይ ተለያዩ፤ እነዚያ ወገበ ሰፊዎች፣ ከጥግ ደግሞ ቀጭኑ፣ እርሳሱ።

«አንድ ወስደሃል። ቃል ቃል ነው» አለ እንድሪያስ፣ ክዳኑን በእግሩ ጫፍ ገፋ አድርጎ።

ትግሉ ቀና አላለም። «ጋሼ እንድሪያስ፣ ተሳስቼ ነው የወሰድኩት። ይሄኛውን ይስጡኝ። እየለመንኩዎት ነው።»

ሳቁ ቀጥ አለ። ሹፌሮቹ ጉርሻቸውን እንደያዙ ቀሩ። አንዱ ሽማግሌ ሹፌር፣ «ተንበርክኮ የለመነ ሰው ባዶ እጁን አይሸኝም፣ እንድሪያስ» አለ። ዓይን ሁሉ ከትግሉ ላይ ተነሥቶ እንድሪያስ ላይ አረፈ። እንድሪያስ ግራ ቀኙን አየ፤ ፊቱ ቀላ።

«ይውሰደው! ዓሣ አይደል እንዴ?» አለና ወደ ወጥ ቤት ገባ።

ጉልበቱ ላይ የቀረውን የሲሚንቶ አቧራ ትግሉ አላራገፈም።

ጭነት ተቀብሎ ሰመራ ሲደርስ ፍሬን ወደ አዋሽ ልትመለስ ሻንጣዋን አሰናድታ አገኛት። ባልዲውን ፊቷ አስቀመጠ። ከላይ አየች፤ ቀጥሎ ሱሪው ጉልበት ላይ ያለውን ነጭ አቧራ አየች። ሻንጣውን አልጋ ሥር ገፋችው።

«ውሃው ይቀዝቀዝላቸው፤ ዝናብ የመጣ ሲመስላቸው ነው እንቁላል የሚጥሉት» አለች።

የሆቴሉ ወጥ ሠሪ ኸሊዳ በረዶ በላስቲክ ይዛ መጣች። «እኛ ሰመራ ላይ እየተቀቀልን ዓሣ በበረዶ ይንፈላሰስ? ወላሂ፣ በሚቀጥለው እኔንም እዚያ ውስጥ ክተቱኝ!»

ትግሉ ጅቡቲ ወረደ። በመንገዱ ሁሉ ስልኩን ያያል፤ ስልኩ ዝም። አልጣሉ ይሆን? ወንዱ ሞቶ ይሆን? ተመልሶ ሲመጣ ከሩቅ ጥሩንባውን ነፋ። ፍሬ በር ላይ አልነበረችም። የእንግዳ መቀበያው ወንበር ላይ ሌላ ሴት ተቀምጣለች።

«ፍሬስ?»

«ጓሮ» አለች ሴትዮዋ።

ሮጠ። ፍሬ ከመስታወቱ ፊት ወለሉ ላይ ተቀምጣለች፤ ዓይኗ እንቅልፍ ያጣ ነው።

«ጎንበስ በል» አለችው በሹክሹክታ።

ሳያስበው ጎንበስ አለ። ከመስታወቱ ታችኛው ጥግ፣ የጤፍ ፍሬ ያህል እንቁላሎች ተጣብቀው ያበራሉ። ጉንጩ ጉንጯን ነካ። ሁለቱም አልተንቀሳቀሱም።

ትግሉ እንድሪያስን ይቅር አላለውም፤ ዛሬም አላለውም።

«ሽማግሌ ትልካለህ?» አለች፣ ዓይኗን ከመስታወቱ ሳታነሣ።

«አዋሽ? ለሱ?»

«እዚህ። ቤቴ እዚህ አይደል?»

ትግሉ ወደሷ ዞረ። «ምን ትያቸዋለሽ?»

«በመጀመሪያ ቁጭ በሉ እላቸዋለሁ።»