በተኩላው ራስ ሥር

ሽማግሌ ኢካቦድ ስሎን በጸሎት ቤቱ ደጃፍ በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። የራስ ቅሉ ከኋላ ተፈርክሷል። ከበላዩ፣ በሩ ላይ የተቸነከረ የተኩላ ራስ ጥርሱን አግጥጧል።

ዕለቱ የግሬይ ኮቭ ሰዎች ዳኛ የሚመርጡበት ነበር። ምርጫውን እንዲታዘብ ከአገረ ገዢው የተላከው መርማሪ ባርናባስ ሉድ ከፈረሱ ሲወርድ፣ መንደርተኛው አንጥረኛውን ዘሩባቤል ክራትን መሬት ለመሬት እየጎተተ በዱላ ይቀጠቅጠዋል።

«ስቀሉት! ገመድ አምጡ!»

ሉድ ሽጉጡን ወደ ሰማይ ተኮሰ። ጩኸቱ ቀጥ አለ።

«የሚሰቀል ካለ እኔ ስጨርስ ይሰቀላል። ዱላችሁን ጣሉ!»

አንጥረኛው ደም እየተፋ ተነሳ። ጆሮዎቹ ከሥራቸው የሉም። ባለፈው መኸር እዚሁ አደባባይ ላይ «የእግዚአብሔርን ቃል ሰድቧል» ተብሎ ነው የተቆረጡት። ፍርዱን ያነበበው ስሎን ስለነበር፣ ሌላ ገዳይ የፈለገ አልነበረም።

የመሰብሰቢያው ከበሮ ከመመታቱ በፊት ግን በጸሎት ቤቱ የነበሩት አራት ሰዎች ናቸው። አንጥረኛው የኋላውን በር ማጠፊያ ይጠግን ነበር። ለዳኝነት የቀረበው ዲያቆን አቢያ ፌን የተኩላውን ራስ እንደ መንደሩ ልማድ በመጥረቢያ ጀርባ በሩ ላይ ሲቸነክር፣ መጋቢ ኤልናታን ዋርድዌልና የስሎን ሚስት መሂታበል ውስጥ ወንበር ያሰናዱ ነበር። ሉድ አንድ በአንድ ጠራቸው።

«ትጠላው ነበር?» አለው አንጥረኛውን።

«ጆሮዬን ያስቆረጠኝን ልሳመው እንዴ? ግን ትናንት መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ቆቡን አወለቀልኝ። ለእኔ! ግራ ገባኝ።»

«ምን ብለህ ነበር የተከሰስከው?»

«የቤተ ክርስቲያን አባል ያልሆነ ሰው ለምን አይመርጥም ነው ያልኩት። ፌን ግን ‹መጽሐፉ ውሸት ነው ብሏል› ብሎ ማለብኝ።»

ፌን ቀጥሎ ገባ። እጅጌው በደም ተነክሯል።

«የተኩላው ነው» አለ፣ ሳይጠየቅ። «ጎህ ሲቀድ ገድዬ በትኩሱ ቸነከርኩት። ይልቅ ያን ጆሮ ቆራጣ ምን ያስቆየዋል? ለነገሩ እርስዎም አባል አይደሉም፤ ድምፅ የለዎትም።»

«የለኝም። አፍንጫ ግን አለኝ» አለና ሉድ ወደ በሩ ሄደ። የተኩላውን አንገት አሸተተ፣ በጥፍሩ ፋቀው፤ ጣቱ ላይ የቀረውን ነጭ ነገርም በምላሱ ቀመሰ።

መሂታበል እንባዋ ደርቆ ነበር። «ትናንት አንድን ወንድም ለብቻው ሊገሥጽ ሄደ» አለች። «ሲመለስ እህል አልቀመሰም። ‹ንስሐ ካልገባ ነገ አንቺና መጋቢው ምስክር ትሆኑኛላችሁ› አለኝ። ስሙን ግን አልነገረኝም።»

መጋቢው ራሱን ነቀነቀ። «ሥርዓታችን ነው። መጀመሪያ ለብቻ፣ ከዚያ በምስክር፣ እምቢ ካለ በጉባኤ ፊት። ከጉባኤ የተባረረ ደግሞ አይመርጥም፣ አይመረጥምም።»

ሉድ ሕዝቡን ሁሉ ወደ ውስጥ አስገባ።

«ሽማግሌው ‹ወንድም› ብሎ እንዲህ ባለ ሥርዓት የሚገሥጸው አባል የሆነን ሰው ብቻ ነው» ሲል ጀመረ። «ክራት አባል አይደለም። መጋቢውና የሟቹ ሚስት ደግሞ ለምስክርነት ታጭተዋል፤ አጥፊውን በገዛ ራሱ ላይ ምስክር አድርጎ የሚጠራ የለም። ከአራቱ ማን ቀረ?»

አንገት ሁሉ ወደ ፌን ዞረ። ፌን ሳቀ። «ይኼ የወሬ ወሬ ነው።»

ሉድ የተኩላውን ራስ ከበሩ ነቅሎ ድምፅ ሊሰጥበት ከተዘጋጀው ጠረጴዛ ላይ ወረወረው። ራሱ እንደ ግንድ ኳ አለ።

«በጨው ታሽቶ የከረመ ነው፤ አንገቱ እንደ ጫማ ቆዳ ደርቋል። ከዚህ ጠብታ ደም አይወጣም። ታዲያ እጅጌዎ ላይ ያለው የማን ነው? ስሎን በሐሰት መማልዎን ደርሶበታል። ቆቡን ለክራት ያወለቀውም ጸጸት ይዞት ነው። ዛሬ በምስክር ፊት ሳያቆምዎ በመጥረቢያ ጀርባ ጨረሱት። ሲቸነክሩ ስለነበር ድብደባውን የሰማ ሁሉ ሚስማር መሰለው።»

«ለመናጢ ሁሉ ድምፅ ሊያሰጥ ነበር!» ፌን ጮኸ። «የእግዚአብሔርን ከተማ ለጆሮ ቆራጣ!»

መጥረቢያውን ከወንበር ሥር መዞ ሰነዘረ። ስለቱ የሉድን ትከሻ ገመሰው። ሉድ እየወደቀ አግዳሚውን አንሥቶ ፊቱን መታው፤ የፌን ጥርስ ወለሉ ላይ ተበተነ። ጠዋት አንጥረኛውን የቀጠቀጡት ሰዎች አሁን ፌንን በጫማቸው ይረግጡት ጀመር።

«ገመድ!»

«በፍርድ ነው የሚሰቀለው!» ሉድ ደሙን በመዳፉ አፍኖ አገዳቸው። «ዘሩባቤል፣ እግር ብረት አዘጋጅ።»

ፌንን አንጥረኛው ቤት ወስደው እግር ብረት ያጠለቁለትን ቁርጭምጭሚቱን ብረት መቀጥቀጫው መስፍ ላይ አስቀመጡት። ክራት ትልቁን መዶሻ ከራሱ በላይ አነሣ። ሉድ ሊያስቆመው እጁን ዘረጋ።

«ዘሩባቤል... ወንድሜ...» አለ ፌን።

መዶሻው ወረደ። የእግር ብረቱ ማያያዣ ካስማ ብቻ ተደፈጠጠ።

«ወንድምህ አይደለሁም፣ ዲያቆን» አለ ክራት፣ መዶሻውን ለሁለተኛው ካስማ እያነሣ። «አባል አይደለሁማ።»