መስመር ላይ ሲጠብቅ የሞተው ሰው

ዘማርያም ወንበሩ ላይ ሞቷል፤ ስልኩ ግን ገና ተስፋ አልቆረጠም።

ከክንዱ አጠገብ ባለችው ጠረጴዛ ላይ፣ ቻርጀሩ እንደተሰካና ድምፁ እንደተለቀቀ፣ ያንኑ የማያልቅ ሙዚቃ ይደጋግማል። በየመሐሉ አንዲት ሴት በለሰለሰ እንግሊዝኛ «ጥሪዎ ለእኛ እጅግ አስፈላጊ ነው፤ እባክዎ መስመር ላይ ይጠብቁ» ትላለች። እዚህ ዳላስ አጠገብ፣ ሌዊስቪል ከተማ ባለው አፓርታማ ውስጥ የቆሙት ፖሊሶች ማንም ምንም እንዳይነካ ስለታዘዙ ሙዚቃውን ጥርሳቸውን ነክሰው ይሰማሉ።

አክሱማዊት ጓንቷን አጠለቀች። የካውንቲው የሞት መርማሪ ናት፤ ሰው ሐኪም ሳያየው ቤቱ ሞቶ ሲገኝ፣ አስከሬኑን መርምራ በምን እንደሞተ የምትለየው እሷ ናት።

«ልቡ ነው» አለ ሳጅኑ ከበሩ ሆኖ። «ሽማግሌ፣ ደም ግፊት ያለበት፣ ከስልክ ኩባንያ ጋር የሚጣላ። እኔም አንድ ቀን እንዲሁ ነው የምሞተው።»

የሟቹን የዐይን ቆብ ገልበጥ አድርጋ አየች። ከውስጥ በኩል በመርፌ ጫፍ የተወጉ የሚመስሉ ቀያይ ነጠብጣቦች ነበሩ። የላይኛውን ከንፈር ገለጥ አደረገች፤ ጥርሱ ያረፈበት ቦታ በልዟል። ከሶፋው ትራሶች አንደኛው ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ ተቀምጧል። ስታገላብጠው የደረቀች የደም ነጥብ አገኘችበት።

«ልቡ አይደለም» አለች። «በትራስ ታፍኖ ነው የሞተው።»

ይህን ጊዜ ሙዚቃው ቀጥ አለ። «ስለጠበቁ እናመሰግናለን!» አለች አንዲት ደስተኛ ወጣት በእንግሊዝኛ። «ዛሬ በምን ልርዳዎት?»

አክሱማዊት ጎንበስ አለች። «የካውንቲው የሞት መርማሪ ነኝ። የደወለው ሰው ሞቷል።»

«በጣም አዝናለሁ። ባለ አካውንቱን ማናገር እችላለሁ?»

«ባለ አካውንቱ ነው የሞተው።»

«ይገባኛል። ነገር ግን ያለ ባለ አካውንቱ ፈቃድ ስለ አካውንቱ ማውራት አልችልም።»

አክሱማዊት ዐይኗን ጨፍና ከፈተች። «ስለ አካውንቱ አልጠየቅኩሽም። ስለዚህ ጥሪ ነው። ከአንቺ በፊት ያነጋገረው ሰው አለ?»

«የለም፣ ጥሪው ከገባ ጀምሮ ወረፋ ላይ ነው የቆየው። የመጀመሪያዋ እኔ ነኝ። ለመዘግየቱ ይቅርታ እንጠይቃለን። በሌላ የምረዳዎት ነገር ይኖራል?»

ሳጅኑ ሳቁን ለመዋጥ ወደ ኮሪደሩ ወጣ። ጎረቤት አነጋግሮ ሲመለስ ግን ፊቱ ተለውጦ ነበር።

«በይ እንግዲህ፣ ነገሩ ቀላል ነው» አለ። «ጠዋት ባርናባስ የሚባል የስልክ ነጋዴ መጥቶ ነበር። ጎረቤት ሲወጣ አይቶታል። ስልኩ ላይ የሚታየው ሰዓት እንደሚለው ይህ ጥሪ የተደወለው እሱ ሊወጣ ሲል ነው፤ ስለዚህ ሲወጣ ሰውዬው በሕይወት ነበር ማለት ነው። ከዚያ በኋላ እዚህ ቤት የገባችው የወንድሙ ልጅ ብቻ ናት። ታፍኖ ነው ካልሽ፣ አፋኟ ወጥ ቤት ተቀምጣለች።»

ሮሆቦት ወጥ ቤቱ ውስጥ የሆስፒታል ልብሷን እንደለበሰች ተቀምጣለች። ፎርት ዎርዝ ሌሊት ታማሚ ስታገላብጥ ታድራለች፤ ቀን ነርሲንግ ትማራለች። ልትመረቅ የቀራት ጥቂት ነው። በነፍስ ግድያ ከተጠረጠረች የነርስነት ፈቃዱን ማን ይሰጣታል?

«ስገባ ወንበሩ ላይ ነበር» አለች። «ሙዚቃው ይሰማል፤ ጠብቆ ጠብቆ እንቅልፍ ወሰደው ብዬ እንዳልቀሰቅሰው በእግሬ ጣት ነው ያለፍኩት። ሻወር ወሰድኩ፣ ምግብ አሞቅኩ፣ "ጋሼ፣ ና ብላ" አልኩት...»

«ከኩባንያው ጋር ምን ነበር የሚያጣላው?»

«በየወሩ ቢሉ ላይ ያልገዛው ነገር ይመጣበታል። "ፕሪሚየም አለርት" ይላል፤ በስልክ የሚላክ የመልእክት አገልግሎት ነው፣ የሚሸጠው ግን ሌላ ድርጅት ነው ይላሉ። ሲደውል "እኛ አይደለንም፣ እነሱን ጠይቅ" ይሉታል፤ እነሱ ስልክ የላቸውም። አንዴ ያነሱለታል፣ በሚቀጥለው ወር ይመለሳል። እትዬ፣ ጋሼ ስለ ብሩ አልነበረም። "ሳልፈርም እንዴት ፈርመሃል እባላለሁ?" እያለ ነው የተቃጠለው።»

«ለምን አንቺ አልደወልሽለትም?»

«እምቢ አለኛ! ዕድሜውን ሙሉ መጋዘን ውስጥ ከሜክሲኮዎች ጋር ሲጭንና ሲያወርድ ነው የኖረው። እንግሊዝኛ ላይ ይደናቀፋል፣ በስፓኒሽ ግን ይቀልዳል። "እኔ የራሴ በር አለኝ" ነው የሚለኝ።»

«ያንቺ ስልክ ላይስ ይህ ክፍያ አለ?»

«የለም። የኔን ራሴ ነኝ ያስተካከልኩት።»

በማግስቱ ለቅሶው ተጀመረ። የእድሩ ወንበሮች ተደረደሩ፤ ሴቶቹ ሳሎን፣ ወንዶቹ ደጅ ሆኑ። አክሱማዊት ከዋይሊ ከተማ የመጣውን የሟቹን ጓደኛ ይገዙን ፓርኪንግ ላይ አገኘችው። የኤርፖርት ሾፌር ነው፤ ከዘማርያም ጋር በአንድ የጋራ የስልክ ውል፣ በፋሚሊ ፕላን፣ ይጠቀም ነበር። ከሳምንት በፊት በዚሁ ቢል ተጣልተው፣ ዘማርያም «መስመርህን አስቆርጠዋለሁ» ብሎት እንደነበር ሰምታለች።

«እርስዎ...»

«ኧረ በእናትሽ! እርስዎ ብለሽ አታስረጂኝ፤ ገና ሚስት እየፈለግኩ ነው» አለ ይገዙ። ሳቁ ግን ቶሎ ጠፋ። «አዎ፣ ተጣልተናል። የእኔም መስመር ላይ ያ አለርት የሚሉት ጉድ አለ፤ "ጌም ስትነካካ ያመጣኸው ነው" አለኝ። እኔ ጌም! የስልኬን መብራት እንኳ የማጠፋው በተሳፋሪ ርዳታ ነው።»

«ስልኩን ማን አስተካከለልህ?»

«ባርናባስ ነዋ። የሁላችንንም እሱ ነው። እና፣ እንግሊዝኛ የሚያነብ ልጅ ሲገኝ ስልክሽን ከነፓስወርዱ ታስረክቢዋለሽ፣ ያስተካክልልሻል፣ ትመርቂዋለሽ፣ ትሄጃለሽ።» እጁን አወናጨፈ። «እኔ በዚያ ቀን ጠዋት ዳላስ ኤርፖርት ተሳፋሪ ጭኜ ነበር፤ የጉዞው መዝገብ አፑ ላይ አለልሽ።»

«ዘማርያም ለኩባንያው ሲደውል አይተኸው ታውቃለህ?»

«ስንቴ! ገና ማሽኑ አፉን ሳይከፍት ሁለትን ይነካታል፤ የስፓኒሹን። "እንግሊዝኛው በር ሰልፍ ነው፣ በሜክሲኮዎቹ በር ግባ" ይለኛል። እኔም አንዴ ሞክሬ ገባሁ፤ አነሱልኝ፤ ቋንቋውን ስለማልችል ይቅርታ ጠይቄ ዘጋሁ።»

አክሱማዊት አልሳቀችም። የመኪናዋን ቁልፍ ይዛ ጥቂት ቆመችና ቀጥታ ወደ ባርናባስ ሱቅ ነዳች።

ሱቁ ከአንድ የጥፍር ማስዋቢያና ከአንድ የልብስ ንጽሕና መስጫ መሐል ያለ ጠባብ ክፍል ነው። ባርናባስ ጸጉሩ የተስተካከለ፣ አንደበቱ የለሰለሰ ጎልማሳ ነው። ስትገባ ያለውን እንባ አዘጋጅቶ ጠበቃት።

«ጋሽ ዘሜ አባቴ ማለት ነበር» አለ። «ጠዋት የሄድኩት ስልኩን ቼክ ላደርግለት ነው። ስወጣ ከኩባንያው ጋር ይጨቃጨቅ ነበር። በእጁ ደህና ሁን አለኝ።»

«ከሰው ጋር ነው ከማሽን ጋር?»

«ከሰው። "ሌዲ፣ አይ ኔቨር ሳይን!" እያለ፣ አልፈረምኩም ሲላት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ምስኪን፣ ትንፋሽ አጥሮት ነበር። ማለቴ፣ ማንንም መጠርጠር አልወድም፤ ግን ያቺ ልጅ ከእሱ ጋር ብቻዋን ነው የምትኖረው።»

«ልክ ነህ» አለች አክሱማዊት። «ነገ ሰልስት ነው። ትመጣለህ አይደል?»

«እንዴት እቀራለሁ? ሰው ምን ይለኛል!»

ሳጅኑ ማምሻውን ደወለላት። ትእግስቱ አልቋል፤ ልጅቷን ሊይዛት ነው። አንድ ቀን እንዲሰጣት ለመነችው፣ ቀጥላ ተቆጣችው፣ በመጨረሻም ሰልስቱ ላይ በር አጠገብ እንዲቆም ጋበዘችው።

በሰልስቱ ቀን ሳሎኑ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። ከእድሩ አንጋፋ ሴቶች አንዷ የሆኑት ወይዘሮ የሺሐረግ ከሟቹ ፎቶግራፍ ሥር ተቀምጠዋል። ሮሆቦት ጥግ ላይ ናት፤ ከግራና ከቀኟ ያሉት ወንበሮች ባዶ ናቸው። ቤቱ እንዲህ ሞልቶ የማንም ዳሌ እዚያ አላረፈም።

«እማማ፣ አንድ ነገር ብናገር ይፈቅዱልኛል?» አለች አክሱማዊት።

«ተናገሪ ልጄ። አሟሟቱን ካወቅሽ አሳርፊን።»

«ከመናገሬ በፊት ልጠይቅ። ስልክ ቢላችሁ ላይ "ፕሪሚየም አለርት" የሚል ክፍያ ያለባችሁ ስልካችሁን ከፍ አድርጉልኝ።»

ጉምጉምታ ተነሣ። መነጽር ተፈለገ፣ ልጆች ተጠሩ፣ ስክሪን ወዲህና ወዲያ ተገፋ። አንድ ስልክ ወጣ፣ ሌላም ተከተለ፤ ቀስ በቀስ የአዛውንቱ ወገን በሙሉ እጁን አነሣ።

«እኔማ የመንግሥት ግብር መስሎኝ ስከፍለው ኖሬያለሁ!» አሉ ወይዘሮ የሺሐረግ።

«ስልኩን ያስተካከለላችሁ ማን ነው?»

አንገቶች ሁሉ ወደ አንድ በኩል ዞሩ። ባርናባስ ከይገዙ ጎን ተቀምጧል።

«ስልኩ እጁ ላይ ሳለ ለክፍያው የማረጋገጫ መልእክት ይመጣል» አለች አክሱማዊት፤ «እሱ "እሺ" ይላል፣ መልእክቱን ያጠፋዋል፣ ስልኩን ይመልሳል። ከዚያ ባለ ስልኩ መርቆት ይሄዳል። ክፍያው ተነሥቶ እንደገና የሚመለሰውም "አስተካክልልኝ" ብላችሁ መልሳችሁ ለእሱ ስለምትሰጡት ነው። ዘማርያም ይህን ሳይደርስበት አልቀረም።»

«ኮሚሽን ነው!» አለ ባርናባስ። «ሊጋል ነው፣ ሕጋዊ! ስንቱ ሱቅ ያደርገዋል። ደግሞ ይሄ ከሞቱ ጋር ምን አገናኘው? እኔ ስወጣ በሕይወት ነበር፤ ስልክ ይደውል ነበር!»

«ሁላችንም እንደዚያ ነው ያሰብነው። ስልኩ ስለተደወለ ሰውዬው ሕያው ነው፤ ከዚያ በኋላ የገባችው ሮሆቦት ብቻ ናት፤ ስለዚህ እሷ ናት። ነገሩ ሁሉ የቆመው በዚያች ጥሪ ላይ ነው።» ወደ ይገዙ ዞረች። «ዘማርያም ሲደውል በየትኛው በር ነበር የሚገባው?»

«በሁለት። በስፓኒሹ» አለ ይገዙ። አፉ እንደተከፈተ ቀረ። «እህ!»

«እኔ እዚህ ስደርስ ስልኩ "ይጠብቁ" እያለ የነበረው በእንግሊዝኛ ነው። ያነሣችውም ሴት በእንግሊዝኛ ነው ያናገረችኝ። በአጭሩ በር መግባት የለመደ ሰው፣ በዚያ ንዴት ላይ ሆኖ፣ ረጅሙን ሰልፍ ይመርጣል? የደወለው ሌላ ሰው ነው። ሌላ ሰው የደወለለት ደግሞ እሱ መደወል ስለማይችል ነው።»

«ሰው ቁጥር አይሳሳትም?» አለ ባርናባስ። ግንባሩ አልቦታል። «አንድ ቀን ተሳስቶ ቢነካስ?»

«ሊሳሳት ይችላል። ያንን ብቻ ይዤ ብመጣ ሳጅኑ ይስቅብኝ ነበር። ግን አንተ ረዳኸኝ። "ሌዲ፣ አይ ኔቨር ሳይን" ሲላት ሰምቻለሁ አልከኝ። ባርናባስ፣ ማንን ነበር የሚላት? ያ ጥሪ ከተደወለ ጀምሮ እኔ እስካነጋግራት ድረስ ማንም አላነሣውም። ልጅቷ ራሷ ነግራኛለች። አንተ የሰማኸው ሰው አልነበረም። ስትወጣ ሕያው እንደነበር እንድናምን ብለህ የጨመርካት ናት፤ ዝም ብትል ይሻልህ ነበር።»

ይገዙ ወንበሩን ከባርናባስ ራቅ አደረገ። የወንበሩ እግር ወለሉን ሲፍቅ ከጩኸት በላይ ተሰማ።

«እሁድ ለእድሩ ሊናገር ነበር» አለ ባርናባስ ወደ ታች እያየ። «ለመንኩት። የሁሉንም እመልሳለሁ አልኩት፤ ጉልበቱ ላይ ወደቅኩ። "በሰው ፊት ትቆማለህ" ብቻ ይላል። ድምፁ ከፍ እያለ መጣ፤ ግድግዳው ስስ ነው፣ ጎረቤት ይሰማል... ዝም እንዲል ብቻ ነበር የፈለግኩት።»

«ስልኩንስ ለምን ደወልከው?»

«ሲጠብቅ ሞተ እንዲባል። ሰው ሁሉ ያምናል ብዬ ነው፤ በየቀኑ ነበር የሚደውለው።»

ሳጅኑ አማርኛ አያውቅም፤ የሰውየውን የወደቀ ትከሻ አይቶ ግን ገብቶት ቀረበ። ባርናባስን ይዘውት ሲወጡ በሩ ላይ የተደረደሩት ጫማዎች እግሩን አደናቀፉት። አንድም እጅ ሊደግፈው አልተዘረጋም።

ከዚያ ወይዘሮ የሺሐረግ ተነሡ፤ ጉልበታቸውን ይዘው ያን ሁሉ ሰው አቋርጠው ከሮሆቦት ጎን ካለው ባዶ ወንበር ደረሱና፣ ሊቀመጡ ሳይሆን ሊንበረከኩ ጀመሩ።

«ይተዉ እማማ!» ሮሆቦት ክንዳቸውን ያዘች። «ይተዉ፣ አልችልም።»

«"ያጎረሰ እጅ ተነከሰ" ብዬሻለሁ። ይቺ ምላሴ...»

«ሰምቻለሁ። ሁሉንም ሰምቻለሁ፤ ግድግዳው ስስ ነው ተብሏል አይደል?» ልትስቅ ሞከረች፤ ከንፈሯ እምቢ አላት። «ይቅር ብያለሁ። እኔን የጎዳኝ ግን ሌላ ነው። ዐይናችሁ ሁሉ እኔ ላይ ነበር። ባለቅስ "አስመሰለች" ትላላችሁ፣ ዝም ብል "ጨካኝ" ትላላችሁ። እማማ፣ ያሳደገኝ ሰው ሞቶብኝ ሦስት ቀን ሙሉ አላለቀስኩለትም!»

አሮጊቷ ነጠላቸውን አጣፍተው ደረታቸውን አንዴ መቱና «ወንድሜን!» አሉ፤ ሌሎቹ ሴቶች ተቀበሏቸው። ሮሆቦት እንደ ቆመች ፊቷን በሁለት እጇ ያዘች።

«ጋሼ!» አለች፤ ከዚያ በኋላ ማንም ሊያስቆማት አልሞከረም።